በመንገድ ላይ የሞቱትን ስለ መቍጠር

ይህች ወርኃዊ ጽሑፍ ስለ ውኃ ጥራት፥ ስለ መጸዳጃ ቤት፥ ስለ ዝንብና ስለ ወባ ትንኝ ስትናገር የቈየች ስለ ሆነች፥ ዛሬ ስለ መኪና አደጋ ስንጽፍ «ይህስ የትራፊክ ፖሊስ ሥራ አይደለምን?» ብለው የሚጠይቁን አንባቢዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ እንደ ተናገረው፥ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች በዓለም ሁሉ በብዛት በመግደል አንደኛ የሆነው ወባም ሳንባ ነቀርሳም አይደለም፤ የመንገድ አደጋ ነው። በ2021 ዓ.ም. ብቻ በዓለም መንገዶች ላይ የሞተው ሰው 1 ሚሊዮን 190 ሺ ያህል እንደ ሆነ ተገምቷል። ይህን ያህል ሰው የሚፈጅ ነገር ስሙ በሽታ ባይባልም ከጤና ጠባቂ ሥራ ውጭ ሊሆን አይችልም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።)

አደጋው ክፉ መሆኑን ልጁን በየማለዳው ወደ ትምህርት ቤት የሚሰድ ወላጅ ሁሉ ያውቀዋልና፥ እርሱን ለማስረዳት ብዕር አላነሣንም። የምንናገረው ስለ ቍጥሩ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ ሞቱ ተብለው በመንግሥት መዝገብ የተጻፉት 4,352 ሰዎች ነበሩ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 ዓ.ም. ባሳተመው መግለጫ ለዚያው ዓመት የሰጠው ግምት ግን 27,326 ነው። ሁለተኛው ቍጥር ከመጀመሪያው ስድስት እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ ግምቱ ልክ ከሆነ፥ ሞቱ ከተጻፈለት ከእያንዳንዱ ሰው ጋራ ሞታቸው ያልተጻፈ ሌሎች አምስት ሰዎች ተቀብረዋል ማለት ነው።

ይህ ግምት አንድ በአንድ ተቈጥሮ የተገኘ አይደለም። ሞት ሁሉ በማይመዘገብበት አገር ድርጅቱ የሕዝቡን ብዛት፥ የአገሩን ገቢ፥ የመኪናውን ቍጥር፥ የሕክምናውን መዳረስና ይህን የመሰለውን ሁሉ ይዞ፥ መዝገባቸው የተሟላ አገሮች ከሚያሳዩት ዝምድና ተነሥቶ በሒሳብ ያሰላዋል። ከዚህ የተነሣ «የውጭ አገር ሰው በወረቀት ላይ የፈጠረው ቍጥር ነው» እያሉ የሚቈጡ ሰዎች ያጋጥሙናል። ቍጣቸው ፈጽሞ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግምቱ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላልና። ነገር ግን ግምት የሚረታው በተሻለ ቆጠራ ብቻ ነው። የተሻለውን ቆጠራ ደግሞ ከእኛ በቀር የሚያደርግልን የለም።

ሙታኑ ከመዝገብ የሚጠፉት ወዴት ነው? አንድ ምሳሌ እናስብ። አንድ ገበሬ ከገበያ ሲመለስ በምሽት በጭነት መኪና ተገጨ እንበል። ፖሊስ ደርሶ ሥፍራውን ለካ፤ ሰውየው ሕያው ስለ ነበረም «ከባድ የአካል ጉዳት» ብሎ ጻፈ። ቍስለኛው በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ተላከ፤ በዘጠነኛውም ቀን ሞተ። ሆስፒታሉ በበኩሉ የሞቱን ምክንያት «የራስ ቅል ስብራት» ብሎ ጻፈ። ቃሉ እውነት ነው፤ ቅሉን የሰበረው መኪና ይሁን የግድግዳ መደርመስ፥ ዱላ ይሁን ከዛፍ መውደቅ ግን አልተናገረም። ቤተ ዘመዶቹ አስከሬኑን ወስደው ቀበሩ። የፖሊሱ መዝገብ እስከ ዛሬ ድረስ «ከባድ ጉዳት» እንዳለ ነው። በብዙ አገሮች የተለመደው ደንብ አደጋው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ የሞተውን ሁሉ የአደጋው ሟች አድርጎ መቍጠር ነው፤ ዳሩ ግን ሠላሳውን ቀን ቍስለኛውን ተከታትሎ የሚጠይቅ ሰው ካልተመደበ ደንቡ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ከከተማ ርቆ የደረሰው አደጋ ደግሞ ነጂውና የሟቹ ወገን በሽማግሌ ፊት ከታረቁ ከፖሊስ ጆሮ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ዕርቁ የሚነቀፍ አይደለም፤ ደም ያደርቃልና። ነገር ግን ያ መታጠፊያ ሰው መግደሉን የሚያስታውስ ጽሑፍ አይቀርም።

ያልተጻፈውን ነገር ብዛቱን ማወቅ እንዴት ይቻላል የሚል ቢኖር፥ ጥሩ ዘዴ አለ። በመጀመሪያ ነገሩን በዓሣ እንመልከተው። አንድ ሰው በአዋሳ ሐይቅ ስንት ዓሣ እንዳለ ለማወቅ ቢፈልግ ሐይቁን ሊያደርቀው አይችልም። ነገር ግን መቶ ዓሦች ይዞ፥ በክንፋቸው ላይ ምልክት አድርጎ መልሶ ይለቃቸዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ዳግመኛ መቶ ዓሦች ይይዛል። ከእነዚህ መካከል አሥሩ ምልክት ያላቸው ሆነው ቢገኙ፥ ምልክት የተደረገባቸው ዓሦች ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ እንደ ሆኑ ይገምታል፤ ጠቅላላውም አንድ ሺ ያህል ነው ይላል። የዴንማርክ ሰው ፔተርሰን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ይህን ዘዴ ለባሕር ዓሣ ጥናት አውሎት ነበር።

የፖሊስ መዝገብ የመጀመሪያው መረብ፥ የሆስፒታል መዝገብ ሁለተኛው መረብ ነው። ለትምህርት ያህል በፈጠርነው ቍጥር እናሳይ። በአንድ መንገድ ላይ በዓመት ውስጥ የሞቱትን ፖሊስ 60 ብሎ ጻፈ፤ ሆስፒታሎች 40 ብለው ጻፉ። ስሙን፥ ዕድሜውንና ቀኑን እያስተያየን ሁለቱን መዝገቦች ስናጋጥማቸው በሁለቱም የተገኙት 24 ሰዎች ሆኑ። 60ን በ40 አባዝተን ለ24 ብናካፍል 100 እናገኛለን። በሁለቱ መዝገቦች ስማቸው የተጻፈው ሰዎች ተደምረው 76 ብቻ ስለ ሆኑ፥ ሃያ አራቱ ከሁለቱም መረብ ያመለጡ ናቸው። ይህን ሒሳብ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። የሚያስቸግረው ሒሳቡ ሳይሆን ሁለቱ መዝገቦች አንዱ ከሌላው ተለይተው በየራሳቸው የተጻፉ መሆን ያለባቸው መሆኑ ነው። ፖሊስ ራሱ ቍስለኛውን ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ ከሆነ በሁለቱም የሚገኙት ሰዎች ከሚገባው በላይ ይበዛሉ፤ የሚገኘውም ድምር ከእውነተኛው ያንሳል። እንዲህ ያለ ጥናት በአገራችንም ተደርጓል፤ ከአዲስ አበባ እስከ አዋሳ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የደረሱት አደጋዎች በዚሁ ዘዴ ተጠንተው ከሁለቱ መዝገቦች አንዱም ሙታኑን በሙሉ ያልያዘ ሆኖ ተገኝቷል።

በእኛ አስተያየት ለሦስተኛ መረብ የሚሆን መዝገብም በእጃችን አለ። በየሰፈሩ ያለው ዕድር ማን እንደ ሞተ፥ መቼ እንደ ሞተ ከማንም ቀድሞ ያውቃል፤ ጸሓፊውም በደብተሩ ያሰፍረዋል። ድንኳን ሳይተከል፥ ለቤተሰቡ ገንዘብ ሳይሰጥ የሚቀበር የዕድር አባል የለምና። ይህም ሕልም አይደለም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በየመቃብሩ ሥፍራ የሚቀበሩትን ሰዎች በመመዝገብና የሞታቸውን ነገር ከቤተሰባቸው በመጠየቅ፥ የኤድስ በሽታ ምን ያህል ሰው እንደ ገደለ ለማወቅ ተችሎ ነበር። ለኤድስ የሠራ ዘዴ ለመንገድ አደጋ የማይሠራበት ምክንያት አይታየንም፤ እንዲያውም ስለ መኪና አደጋ ሲጠየቅ እውነቱን ለመናገር የሚያፍር ቤተ ሰብ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ሙታኑ ተቈጥረው ቢታወቁስ ምን ይጠቅማል? የሞተ አይነሣም ይባላልና። ለዚህ መልስ የሚሆነን በእንግሊዝ አገር የደረሰ አንድ ታሪክ ነው። በ1935 ዓ.ም. በግንቦት ወር «የዐረቡ ሎሬንስ» እየተባለ የሚጠራው ዝነኛ መኰንን ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ራሱን ተመታና ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የተባለ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበረ። ዝነኛ ሰው ሲሞት ሰው ሁሉ ያዝናል፥ ይጽፋል፥ ሐውልት ያቆማል። ኬርንስ ግን ዝነኛ ስላልሆኑት፥ ልክ እንደዚሁ ስለ ሞቱት መጠየቅ ጀመረ። በ1941 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ በጦርነቱ የመጀመሪያ 21 ወሮች 2,279 ሞተር ብስክሌት ነጂዎችና ከኋላቸው የተቀመጡ ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደ ሞቱ ገለጸ፤ ከሚገድላቸውም ጉዳት ሁሉ የራስ ጉዳት እጅግ የበዛው ሆኖ ተገኘ። ሄልሜት የሚባለውን የራስ ቁር አድርገው ሲወድቁ ተጎድተው ያያቸው ሰዎች ግን ሰባት ብቻ ነበሩ፤ ሰባቱም ድነዋል።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ «ሰባት ሰው ምን ይመሰክራል?» ይላል፤ መልካምም ይላል። ሰባት ጥቂት ነው። ቁር የሚያደርጉት ሰዎች ከቀድሞም ጠንቃቆች የሆኑ እንደ ሆነ፥ ያዳናቸው ቁሩ ይሁን ጠንቃቃነታቸው አይለይም። ስለዚህ ኬርንስ በዚህ አላበቃም። የእንግሊዝ ጦር በ1941 ዓ.ም. በኅዳር ወር በሥራ ላይ ያለ ሞተረኛ ወታደር ሁሉ የራስ ቁር እንዲያደርግ አዘዘ። ከዚያ በኋላ ኬርንስ የሙታኑን ቍጥር በየወሩ እየደረደረ ከ1939 እስከ 1945 ዓ.ም. ያለውን ተመለከተ፤ በ1946 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍም ቍጥሩ ከትእዛዙ በኋላ እየቀነሰ መሄዱን አሳየ። በጦርነቱ ዘመን ቤንዚን በራሽን የሚሰጥ ስለ ነበረ የነጂዎቹ ብዛት ራሱ ይለዋወጣል፤ እንዲህ ያለውን ነገር አብሮ ሳይመረምሩ መፍረድ አይገባም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የተደረጉት አያሌ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑ የራስ ቁር የሞተረኛን ሞት በ42 በመቶ፥ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ኬርንስ በ1952 ዓ.ም. ሞተ፤ በእንግሊዝ የራስ ቁር ማድረግ ለሞተረኛ ሁሉ ግዴታ የሆነው በ1973 ዓ.ም. ነው። ቍጥሩ ከተገኘ በኋላ እንኳ ሕጉ እስኪወጣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ፈጀ። ቍጥሩ ባይገኝ ኖሮ ምን ያህል ይፈጅ እንደ ነበር ለአንባቢ እንተወዋለን።

አሁን በጣም ወደምንከራከርበት ነገር ደርሰናል። አደጋ በደረሰ ጊዜ የሚጻፈው ቅጽ «የአደጋው ምክንያት» የሚል ክፍል አለው፤ በዚህም ዘወትር የሚጻፈው «ለእግረኛ ቅድሚያ ባለመስጠት»፥ «ከተወሰነው ፍጥነት በላይ በመንዳት»፥ «ርቀት ባለመጠበቅ» የሚል ነው። ይህ ለፍርድ ቤት ያስፈልጋል፤ ማን ጥፋተኛ እንደ ሆነ፥ ማን ካሣ እንደሚከፍል መታወቅ አለበትና። ነገር ግን ጥፋተኛውን ማወቅና አደጋውን መከልከል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የወባ በሽተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ «ትንኝ ሲነድፍህ ለምን ዝም አልህ?» ብለን አንጠይቀውም። የት እንደሚያድር፥ በአካባቢው ያቈረ ውኃ መኖሩን፥ አጎበር መዘርጋቱን እንጠይቃለን። ዳሩ ግን ስለ መኪና አደጋ ስንጠይቅ ከጥፋተኛው ስም አልፈን አንሄድም፤ ነጂው ይታሰራል፥ ሥፍራው ግን እንደ ነበረ ይቈያል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሌላ ነጂ በዚያው ሥፍራ ሌላ ልጅ ይገጫል።

ጎርደን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1949 ዓ.ም. ይህንኑ ሲያስረዳ፥ አደጋም እንደ ተላላፊ በሽታ በሦስት ወገን ሊጠና እንደሚገባው ጽፏል፤ ይኸውም በተጎጂው፥ ጉዳቱን በሚያመጣው ነገርና በአካባቢው ነው። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ሐኪም ዊልያም ሐደን ደግሞ ጉዳት የሚያመጣው ነገር ጉልበት መሆኑን፥ ማለትም የሰው ሥጋና አጥንት ሊሸከመው ከሚችለው በላይ የሆነ ኃይል በድንገት ሲያርፍበት መሆኑን በግልጽ አስረዳ። ሐደን በ1966 ዓ.ም. አሜሪካ ለመንገድ ደኅንነት ባቋቋመችው መሥሪያ ቤት የመጀመሪያው አለቃ ሆነ። ጥናቱን ከአደጋው በፊት፥ በአደጋው ቅጽበትና ከአደጋው በኋላ ብሎ ከፈለው። ይህ አከፋፈል የሚጠቅመው «ማን አጠፋ?» ከሚለው ጥያቄ ዓይናችንን ስለሚያነሣልን ነው። ለምሳሌ በግጭት ጊዜ የመኪናው መሪ ዘንግ እንደ ጦር ሆኖ የነጂውን ደረት ይወጋ እንደ ነበረ የጉዳት መዝገብ ስላሳየ፥ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ አዳዲስ መኪናዎች ዘንጋቸው በግጭት ጊዜ የሚተጣጠፍ እንዲሆን ተደነገገ። ከዚያ ወዲህ ጥፋተኛውም ሆነ ጥፋት የሌለበት ነጂ በእኩልነት ተጠቀመ።

ጉልበት ባልነው ነገር ላይ ፍጥነት ያለውን ሥልጣን የፊዚክስ መምህራን ከእኛ የተሻለ ያስረዳሉ፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በጉዳት መዝገብ ላይ የሚታየውም ከዚህ ጋራ ይስማማል። በመኪና ፊት የተገጨ እግረኛ የመሞት ዕድሉ መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከነበረው፥ 65 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 4.5 እጥፍ ይሆናል። በአንድ መንገድ ላይ የመኪናዎቹ አማካይ ፍጥነት በመቶ አንድ ብቻ ቢጨምር፥ ሰው የሚሞትበት አደጋ በመቶ አራት ያህል ይጨምራል። በአዲስ አበባ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት መካከል እጅግ የሚበዙት እግረኞች ስለ ሆኑ፥ ይህ ሒሳብ ለእኛ ከማንም ይበልጥ ይመለከተናል። መንገድ በሰፋና በአማረ ቍጥር መኪና ይፈጥናል። በትምህርት ቤት በር ላይ አዲስ አስፋልት ሲነጠፍ ሰው ደስ ይለዋል፤ እኛም ደስ ይለናል። ግን ፍጥነት የሚገታ ጉብታና የእግረኛ መሻገሪያ አብሮ ካልተሠራ፥ የመመረቂያው ጥብጣብ ከተቈረጠ በኋላ የሚመጣውን ከወዲሁ መናገር አያስቸግርም።

ቍጥር ራሱ ሊያሳስት እንደሚችል ሳንናገር ብናልፍ መልካም አይሆንም። አንደኛው ስሕተት የሚመጣው ከማካፈል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለ2016 ዓ.ም. በሰጠው ግምት ከ100 ሺ ሰው መካከል በኢትዮጵያ 26.7፥ በእንግሊዝ 3.1 ሰው በመንገድ ሞቷል፤ ልዩነቱ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ነው። ነገር ግን የሙታኑን ብዛት በሕዝብ ሳይሆን በመኪና ብናካፍለው፥ በዚያን ዘመን በኢትዮጵያ የነበረው መኪና 700 ሺ ያህል ብቻ ስለ ነበረ፥ ልዩነቱ ብዙ መቶ እጥፍ ይሆናል። የትኛው ነው እውነቱ? ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ለየብቻ ነው። በሕዝብ የተካፈለው የአገሩን ሸክም ያሳያል። በመኪና የተካፈለው ደግሞ አንድ መኪና ምን ያህል በሚበዛ እግረኛ መካከል እንደሚያልፍ ያስታውሰናል። አንድ ልጅ መንገድ ባቋረጠ ቍጥር የሚያገኘውን አስጊ ነገር ግን ሁለቱም አይነግሩንም፤ ለእርሱ የሚሻገሩትን መቍጠር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስሕተት ብልሆችን ሳይቀር ያታልላል። በአንድ መስቀለኛ መንገድ በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት ሰው ሞተ፤ ሕዝቡ ጮኸ፤ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ተተከለ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሞተው ሁለት ሰው ሆነ። ሰሌዳውን ያስተከለው ሹም ይመሰገናል። መምህራን ግን ይህን ነገር ከክፍላቸው ያውቁታል፤ በመጀመሪያው ፈተና ከሁሉ ያነሰ ውጤት ያገኙትን አሥር ተማሪዎች መርጠን ምንም ሳናስጠናቸው እንደ ገና ብንፈትናቸው፥ ብዙዎቹ ካለፈው የተሻለ ያመጣሉ። በዚያ ቀን ያመመው፥ ያልቀናው፥ እንቅልፍ ያጣው ሁሉ ከእነርሱ ጋራ ተቈጥሮ ነበርና። እንዲሁም ከሁሉ የከፋውን ዓመት አይተን መድኃኒት ስናደርግ፥ መድኃኒቱ ባይሠራም የሚቀጥለው ዓመት በአብዛኛው የተሻለ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ብዙ ዓመት ማየት፥ ሰሌዳ ካልተተከለባቸው ሌሎች መስቀለኛ መንገዶችም ጋራ ማስተያየት ግድ ነው። ስለ ሰሌዳዎች ውጤት የሚነገረን ሁሉ በዚህ ወንፊት ቢያልፍ ከመካከሉ ብዙው የሚንጠባጠብ ይመስለናል።

የእኛ አሳብ ይህ ነው። በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው ድንገተኛ ክፍል ለሚመጣ ቍስለኛ ሁሉ ጉዳቱ ብቻ ሳይሆን ጉዳቱን ያመጣው ነገርና ሥፍራው ይጻፍ። ቍስለኛውን እስከ 30ኛው ቀን ድረስ የሚጠይቅ አንድ ሰው ይመደብ። የፖሊስና የሕክምና መዝገቦች በየወሩ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ይጋጠሙ። በየሥፍራው የደረሰውም ሞትና ጉዳት፥ የሰው ስም ሳይጠራ፥ ለከተማው ሕዝብ ይገለጥ። ስም ለማጋጠሚያ ብቻ ያገለግላል፤ ከመዝገብ ክፍሉ መውጣት የለበትም።

«ወጪው ከየት ይመጣል?» ይሉናል። ፖሊስም ሆስፒታልም ዛሬ የሚጽፉትን ነው የምንለው፤ የሚጨመረው ጥቂት መስመርና በወር አንድ ቀን ነው። ይህንን የሚከለክለው የገንዘብ ማነስ ሳይሆን አንዱ መሥሪያ ቤት መዝገቡን ለሌላው ለማሳየት ፈቃደኛ አለመሆኑ ይመስለናል። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ክርክር «ሥፍራ በሥፍራ ከተገለጠ የከተማችን ስም ይጠፋል» የሚለው ነው። በእርግጥ መቍጠር የጀመረ ከተማ በመጀመሪያው ዓመት ካልቈጠረው ጎረቤቱ የከፋ መስሎ ይታያል። ይህንን ባለሥልጣኖች አስቀድመው ቢያውቁትና መልካም መዝገብ የያዘውን ሠራተኛ ስለ ቍጥሩ መብዛት ባይገሥጹት ብዙ እንጠቀማለን። በአንድ ቦታ የተገሠጸ መዝጋቢ በሌላ ጊዜ ቍጥሩ እንዲያንስ የሚያደርግበትን መንገድ ያውቃልና።

መምህራን ደግሞ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ የሚሠሩት ሥራ አለ። በትምህርት ቤቱ አንድ ደብተር ተከፍቶ በተማሪዎች ላይ የደረሰው የመንገድ ጉዳት ሁሉ፥ ሐኪም ያላየው ትንሹ ሳይቀር ይጻፍበት፤ ሥፍራው፥ ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ የልጁ ዕድሜና ክፍል፥ የገጨው ምን ዓይነት ተሽከርካሪ እንደ ሆነ፥ ልጁ ሲሻገር ነበር ወይስ በመንገድ ዳር ሲሄድ የሚለው ይበቃል። ማን እንዳጠፋ መጻፍ አያስፈልግም። በዓመት ሁለት ጊዜ ያህልም ከፍ ያሉት ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋራ በአጥሩ ውስጥ ቆመው፥ በመግቢያና በመውጫ ግማሽ ሰዓት የሚሻገሩትን ልጆችና የሚያልፉትን መኪናዎች ይቍጠሩ፤ ለሒሳብ ትምህርትም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ለቆጠራ ብሎ ልጆችን ወደ አስፋልቱ ማውጣት ግን ፈጽሞ አይገባም።

በመጨረሻ ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር እናሳስባለን። በአገራችን አቈጣጠር «2 ሰዓት» የሚለው የጠዋትም የማታም ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ሐኪሞች ደግሞ በአውሮፓ ሰዓት ስለሚጽፉ ያው ሰዓት በሌላ መዝገብ «8» ሆኖ ይገኛል። መዝገቦቹ ሲጋጠሙ አንዱ ሟች ሁለት ሆኖ የሚቈጠረው፥ ወይም በጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ የተገጨው ልጅ በማታ የተገጨ መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በደብተሩ ላይ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ወይም «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ፤ ቀኑም በየትኛው አቈጣጠር እንደ ሆነ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይመልከት።